በጣቢያው በር ላይ የዋለ ሰንበት

ዱረቲ በሩን ሳታንኳኳ ገፍታ ስትገባ ሸዋገነት የሰንበቱን ዳቦ ከድስቱ እያወጣች ነበር።

"ይመርን ወሰዱት" አለች ዱረቲ። የነርስ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም።

"ማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! ከዲጋ ከሥራ ሲመለስ ከባጃጅ አውርደው ፒክአፕ ላይ ጫኑት። የባጃጁ ሹፌር ነው የነገረኝ። መኪናው ታርጋ የለውም አለኝ።"

ሸዋገነት ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከተች። የይመር ሚስት ሰዒዳ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ልብስ ታጥባለች። የባሏን ሸሚዝ አንገትጌ ደጋግማ ትፈትጋለች።

ሰዒዳና ይመር፣ ወላጆቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው በሰፈሩበት መንደር ነው የተወለዱት። አምና መንደሩ ሲቃጠል ሸሽተው ነቀምቴ ገቡ። እዚያው ጓሮ፣ በሚቀጥለው ክፍል፣ ቀነአ የሚባል የኦሮሞ ገበሬ ከእናቱ ጋር ይኖራል። የእሱን ቤት ያቃጠሉት ደግሞ ለይመር ወገን ቆመናል የሚሉ ታጣቂዎች ናቸው። ሁለቱን ቤተሰብ በአንድ ግቢ ያስጠጋቸው የሸዋገነት የሰንበት ማኅበር ነው።

ሸዋገነት የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ጎንደር ከቤተ እስራኤል ቤተሰብ ተወለደች። ዘመዶቿ እስራኤል ሲገቡ እሷ በተመደበችበት ከተማ ቀረች። ከጡረተኛው የመንገድ ቀያሽ ከአቶ ጫንያለው ጋር ሁለት ብቻ ሆነው የጀመሩት ጸሎት ሰው እየጨመረ ሄዶ ሳሎኗን ይሞላ ጀመር። በማኅበሩ ሴትም ታነባለች። እንደ ዱረቲ አይሁድ ሆኖ ያልተወለደም ገብቶ ይቀመጣል። ዓርብ ዓርብ ለተፈናቃይ ያበስላሉ፣ የታሰረ ይጠይቃሉ፣ ጠበቃ የሌለው ሲከሰስ ችሎት ገብተው ከኋላው ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ የሚቆጥሩት ከጸሎቱ ሳይለዩ ነው።

ዱረቲ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሸዋገነት ወደ ጓሮ ወጥታ ሰዒዳ አጠገብ ተቀመጠች። ሰዒዳ ፊቷን አይታ ሸሚዙን ውኃው ውስጥ ለቀቀችው።

"ሞተ?"

"አልሞተም። ተይዟል ነው የሚሉት።"

"ማን ያዘው? ምን አረገ? ሰው ቤት ግንብ ሊለስን ነው እኮ የሄደው፣ በአላህ!"

ሸዋገነት እርጥብ እጇን ያዘቻት።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት አከራይዋ ኦቦ ገላና መጡ። ሁልጊዜ እየሳቁ የሚገቡት ሰው ዛሬ ከአጥሩ በር አላለፉም።

"አዴ ሸዋ፣ አካም ኦልቴ?" ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት።

"ነጋያ ኦቦ ገላና። ይግቡ እንጂ።"

"አልገባም።" ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። "ስለዚህ ግቢ ጠየቁኝ። ቤተ ክርስቲያን አይደለ፣ መስጊድ አይደለ፣ ምንድን ነው አሉኝ። ከውጭ ማን ይረዳቸዋል? ዓርብ ዓርብ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?"

"እነማን ናቸው የጠየቁዎት?"

"ስማቸውን አልነገሩኝም። የእኔን ግን ያውቃሉ። ልጆቼ የሚማሩበትንም ያውቃሉ።" ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁት። "ማሎ፣ እባክሽ አዴ ሸዋ፣ የይመር ሚስት እስከ እሁድ ትውጣልኝ። አንቺም ለጊዜው ስብሰባውን ተዪው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።"

"አውቃለሁ ኦቦ ገላና።"

"ብታውቂስ ምን ያደርግልኛል" አሉና ሄዱ።

ሸዋገነት ለሰንበቱ መግቢያ እሳቱን አጠፋች፤ ምግቡም ተከደነ። የመጣው ሰው ግን ጥቂት ነበር። ሌላ ጊዜ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ዛሬ ስልካቸውን እንኳ አላነሱም። አቶ ጫንያለው ስለ መጻተኛ የሚናገረውን ክፍል በዝግታ አነበቡ። ውጭ አንድ መኪና አልፎ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ከአጥሩ ሥር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ንባቡ አልተቋረጠም፤ የሚያዳምጥ ግን አልነበረም። መኪናው ከሄደ በኋላ ዱረቲ ገባች።

"አየሁት" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ቅንድቡ ተተርትሮ ሐኪም ቤት አመጡት። እኔው ሰፋሁለት። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። መርፌውን ሳወጣ ጆሮዬ ሥር 'ሰዒዳን አብሽሪ በያት' አለኝ።"

ሰዒዳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

"የት ነው ያለው?" አለች ሸዋገነት።

"ፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ መጋዘኑ ውስጥ፤ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው ያወቅኩት። ግን አልመዘገቡትም፤ አንደኛው በስልክ 'ነገ ጠዋት ከዚህ ይሄዳል' ሲል ሰምቻለሁ። የት እንደሚወስዱት አልተናገረም።"

"እንግዲያው ጠዋት እንሂድ።"

አቶ ጫንያለው መጽሐፉን ዘጉ። "ሰንበት ገብቷል ሸዋዬ። በሰንበት ቢሮ ለቢሮ አንዞርም። ነገ ማታ ሰንበት ሲወጣ ሄደን እንጠይቃለን።"

"ነገ ማታ የት እናገኘዋለን?"

ሽማግሌው ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

"በቀይ ሽብር ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት። አባቴ ልጄ የት ገባ ብሎ ሊጠይቅ ሄደ፤ እሱም በዚያው ቀረ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ሰንበት መሻሩን አይደለም የምፈራው።"

ሸዋገነት ልትቆጣቸው ተዘጋጅታ ነበር፤ ተወችው።

"እርስዎ እዚህ ሆነው ያንብቡ" አለች። "እኔ እዚያ አነባለሁ።"

ጠዋት ከተማው ጉም ለብሶ ነበር። ሸዋገነት፣ ሰዒዳና ዱረቲ በእግራቸው ተነሡ። ከግቢው ሲወጡ ቀነአ ካፖርቱን እየደረበ ተከተላቸው።

"አንተ እንኳ ቅር ቀነአ" አለችው ሸዋገነት። "ከወገንህ ጋር ያጣሉሃል።"

"ተጣልተውኛል" አለ። "እናቴ ታማ ሐኪም ቤት ተሸክሟት የሄደው ይመር ነው። እሷ ናት ሂድ ያለችኝ።"

የጣቢያው ጥበቃ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰዒዳ ቀድማ ሰላምታ ሰጠችውና ስለ ባሏ ጠየቀችው።

"እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም።"

"ትናንት እዚህ ነበር" አለች ዱረቲ።

"የለም አልኩ እኮ! ሌላ ቦታ ፈልጉ።"

ሰዒዳ ግን እሱን አታየውም። በበሩ ፍርግርግ አሻግራ ወደ መጋዘኑ ትመለከታለች። ደፉ ላይ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ አለ፤ የግራው በሽቦ ተሰፍቷል።

"ጫማው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ነኝ የሰፋሁት።"

ጥበቃው ዞሮ ጫማውን አየ። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ወደ እነሱ መልሶ አላነሳም።

ከበሩ ፊት ለፊት ባለው አጥር ሥር ቆሙ። ሸዋገነት ነጠላዋን አስተካክላ የሰንበቱን ንባብ በቃሏ ጀመረች። መንገደኞች እያዩዋቸው እርምጃቸውን ያፈጥናሉ። አንድ ሰው ከማዶ ቆሞ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው፤ አንድ በአንድ፣ ፊት ለፊታቸውን፣ ሳይቸኩል። ሸዋገነት አንዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ቃሉ ጠፋባት። ከጎኗ ሌላ ድምፅ ቀጠለላት። አቶ ጫንያለው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ በቃላቸው ያነባሉ። መቼ እንደደረሱ አላየችም። ሰላምታ አልተለዋወጡም።

በግቢው ውስጥ ሞተር ተነሳ። ታርጋ የሌለው ፒክአፕ ከመጋዘኑ ጀርባ ወጣ። ከኋላ፣ በሁለት ሰዎች መሐል፣ ይመር ቅንድቡ ታሽጎ ባዶ እግሩን ተቀምጧል። ጥበቃው በሩን ከፈተ።

"ከመንገዱ ዞር በሉ!"

ሸዋገነት ወደ በሩ ሄደች። መሐሉ ላይ ስትደርስ እርጥቡ ጠጠር ላይ ቁጭ አለች። ሰዒዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ቀነአ። አቶ ጫንያለው የዱረቲን ትከሻ ይዘው ቀስ እያሉ ተቀመጡ። መኪናው ጉልበታቸው ድረስ ተጠግቶ ጥሩንባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። የቅዳሜ ገበያተኞች ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ቆሙ፤ ሲቆሙ ሌሎችም ተጨመሩ።

ከጋቢናው ጃኬት የለበሰ ሰው ወርዶ ሸዋገነት ፊት ቁጢጥ አለ። አነጋገሩ የለሰለሰ ነበር።

"መምህርት፣ ልጄን አስተምረሻታል። ስታነሳሽ ሁልጊዜ በደግ ነው።"

ሸዋገነት ነጠላዋን ወደ ጉልበቷ ሰበሰበች።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለ ሰውየው።

"እየጸለይን ነው።"

"ቤታችሁ አይጸለይም?"

"ይጸለያል። የይመር ስም ይመዝገብ፤ ፍርድ ቤት ይቅረብ። ያን ጊዜ ቤታችን እንጸልያለን።"

ሰውየው ቀና ብሎ የቆመውን ሕዝብ ቃኘ። የሚናገር የለም፤ የሚሄድም የለም። በእጁ ምልክት ሰጠ። ፒክአፑ ወደ ኋላ እየተንቀራፈፈ ግቢ ገባ። ይመር አንገቱን አስግጎ ሰዒዳን ሲፈልጋት ታየ፤ ከዚያ የመጋዘኑ ግድግዳ ጋረደው።

"ሰንበታችሁ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለ ሰውየው ጉልበቱን እያራገፈ።

"ፀሐይ ስትጠልቅ።"

"ጥሩ። ስትጠልቅ እናንተም ትነሳላችሁ፣ ገበያተኛውም አገሩ ይገባል።" ፈገግ አለ። "እኛ አንቸኩልም።"

ገብቶ በሩ ከኋላው ተዘጋ። ከውስጥ የሰንሰለቱ ድምፅ ተሰማ። ሰዒዳ ወደ ሸዋገነት ዞረች። አቶ ጫንያለው ጉም የሸፈነውን ሰማይ አንጋጠው አዩ።

"ዱሬ" አለች ሸዋገነት፣ "ቤት ድረስ ሄደሽ ለሌሊቱ ጋቢዎቹን አምጪልን። ሁሉንም።"