የስንዴ ዛላው እንደራሴ

አራጌ ያለው ለምርጫ ሲወዳደር መካነ ሰላም ገበያ መግቢያ ላይ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ከሱቁ በፊት ጥቂት ዓመት አስተምሯል። ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሰው ሲያነጋግረው ሥራውን ትቶ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም የተጣላ ዘመዱን ይዞ ለእርቅ እሱ ሱቅ ይመጣል።

እስከዚያ ድረስ ወረዳው ምርጫ የሚያውቀው በፊታውራሪ አሻግሬ ነው። በ1949 ለመጀመሪያ ጊዜ «ለፓርላማ እንደራሴ ምረጡ» ሲባል ጭቃ ሹሙ ገበሬውን ሰብስቦ ነዳው፤ ፊታውራሪው ተመረጡ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው አንድ የወግዲ ሰው ሊወዳደራቸው ቢነሳ በድሮ የመሬት ክርክር ተይዞ ታሰረና ምርጫው ካለፈ በኋላ ተፈታ። በ1961 ፊታውራሪው ስላረጁ ልጃቸው ተመረጠ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ አገሩን ያየው ለአባቱ ተዝካር በመጣ ጊዜ ብቻ ነው።

በ1965 በልጉ ቀረ። በአቀስታ በኩል ገብስ ይበቅልበት የነበረው ደጋ አመድ መሰለ። ከቆላው የሚወጣ ሰው ከብቱን እየነዳ መጥቶ በማንኛውም ዋጋ ይሸጣል፤ ቀጥሎ ከብት ሳይነዳ ይመጣል። ሰኔ ላይ አዲስ ምርጫ እንደሚደረግ ሲነገር የአራጌ ጎረቤት፣ ጨው ነጋዴው ሐጂ ይማም፣ ሱቁ ገብተው ተቀመጡ።

«ግባበት» አሉት።

«ምን ውስጥ ሐጂ?»

«ምርጫው ውስጥ ነዋ። ይኼ ሕዝብ እያለቀ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቆሞ የሚናገርለት አንድ ሰው እንኳ ይኑረው። አንተ ደግሞ ስትናገር ትሰማለህ።»

ሚስቱ በለጡ ከጓሮ ሆና ሰምታለች። ማታ እራት ላይ «ተናግረህ ምን ልታመጣ ነው?» አለችው።

«እንጃ። ካልተናገሩማ የሚመጣ ነገር የለም።»

ተመዘገበ። ማንበብ የማይችለው መራጭ የሚለያቸው በሥዕል ስለሆነ ለተወዳዳሪዎቹ የምርጫ ምልክት በዕጣ ታደለ። ለፊታውራሪው ልጅ አንበሳ ደረሰው። ለአራጌ የስንዴ ዛላ።

ያን ቀን ሐጂ ይማም ሳቁ፤ ጥሩ ምልክት ነው አሉ። አራጌም ደስ አለው። በበቅሎ እየዞረ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በየመስጊዱ ደጅ ተናገረ። «ከመረጣችሁኝ ረሃባችሁን ለመንግሥት አሰማለሁ» ነበር የሚለው። ከዚህ የበለጠ ቃል አልገባም። ወሬው ግን ከእሱ በቅሎ ቀድሞ ይሄድ ነበር፤ ሲሄድም እየተለወጠ።

በምርጫው ቀን ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለው የምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ሜዳው ሞልቷል። በፊታውራሪው ዘመን እንኳ ይህን ያህል ሰው ወጥቶ አያውቅም። ሰዉ ቀጥኗል፤ ከቆመው የተቀመጠው ይበዛል። ከዚያ አራጌ አንድ ነገር አየ። ወንዱም ሴቱም ባዶ ስልቻ ይዟል።

ሰልፉ ላይ አንዲት አሮጊት ከባላቸው ጋር ቆመዋል። ድንቅነሽ ይባላሉ፤ ባላቸው ቸኮል። ለአራጌ እንግዳ አልነበሩም፤ በደጉ ጊዜ ለልጃቸው ሠርግ ጨርቅ የገዙት ከእሱ ነው።

«እማማ፣ ስልቻው ለምንድን ነው?»

«ለስንዴው ነዋ ጌታው» አሉት፣ መጠየቁ ራሱ ገርሟቸው። «ስንዴዋን የመረጠ ስንዴ ይሰፈርለታል ተብሎ የለ?»

አራጌ ድንጋይ ላይ ወጣና ሰዉን ጮክ ብሎ ጠራ። «ወገኖቼ፣ እህል የለኝም! ሥዕል ነው፣ በዕጣ የደረሰኝ ሥዕል ነው። እኔ የምችለው ሄጄ መናገር ብቻ ነው። ለእህል ብላችሁ የመጣችሁ አትድከሙ፣ ቤታችሁ ግቡ!»

ሰዉ አዳመጠው። ከዚያ ቸኮል ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «ገብቶናል ልጄ» አሉት፤ በዓይናቸው በር ላይ የቆመውን ፖሊስ እያሳዩ። «በእነሱ ፊት እንዲህ ማለትህ ነው። አብሽር፣ እኛ አፋችን አይፈታም።»

«አባባ፣ እውነቴን ነው!»

«አብሽር አልኩህ።»

መረጡ። ከመረጡም በኋላ አልሄዱም። ስልቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሜዳው ላይ ተቀመጡ። የምርጫ ሣጥኑ በበቅሎ ተጭኖ ሲሄድ እንኳ የተነሳ ጥቂት ነው። አራጌ በመካከላቸው እየዞረ አንድ በአንድ ለመናቸው። አንዳንዱ ጉልበቱን ይስመዋል።

አሸነፈ። ወረዳው እንዲህ ያለ ድምፅ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም ተባለ። ቤቱ እንኳን ደስ ያለህ ባይ ሲሞላ እሱ ጓዳ ገብቶ ተኝቶ ነበር።

ጥቅምት ላይ ምክር ቤቱ ሲከፈት አዲስ አበባ ገባ። «የተከበሩ አቶ አራጌ» ተባለ። ስለ ወሎ ረሃብ ልናገር ብሎ እጁን ቢያነሳ ጉዳዩ በመንግሥት እየተጠና ነው ተባለ። ደግሞ ጠየቀ፤ የዕለቱ መነጋገሪያ አይደለም ተባለ። ቆይቶ የረሃቡ ነገር በአደባባይ ሲወጣና እርዳታ ደሴ መድረስ ሲጀምር፣ እህሉን ወደሚያከፋፍሉት ሰዎች ዘንድ ሄደ። የተቀበለው ሹም ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበለት።

«የእናንተ አገር መኪና ይገባዋል?»

«በበጋ ይገባል።»

«ዋናው መንገድ ዳር የወደቀውን ሰው እንኳ ማዳረስ አልቻልንም፣ የተከበሩ። ምን ላድርግ?»

ሹሙ እውነቱን ነበር።

በየካቲት አገሩ ተናጠ። ተማሪው ወጣ፣ ወታደሩ ተነሳ፣ ሚኒስትሮቹ ወረዱ። ትናንት አንገቱን ይደፋ የነበረ እንደራሴ ሁሉ ተናጋሪ ሆነ። በሚያዝያ ለአራጌም ተራው ደረሰውና የሜዳውን ሰዎች፣ ባዶውን ስልቻ፣ ሁሉንም ተናገረ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት። ጭብጨባው ሲያልቅ ሰብሳቢው አመስግኖት ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለወረዳው እህል ተፈቀደ። አራጌ መኪኖቹን ተከትሎ ከደሴ ወጣ። የተነሱት ግን ሰኔ ላይ ነበር፤ አቀስታን እንዳለፉ ዝናቡ ያዛቸው። መኪኖቹ ጭቃው ውስጥ ሰጠሙ። በማግስቱ የአካባቢው ሰው ከየጎጡ ወጥቶ ከበባቸው፤ አልዘረፉም፣ ዝም ብለው ቁጭ አሉ። እናቶች ልጆቻቸውን መኪናው ጥላ ሥር አስተኙ። ሾፌሮቹ አራጌን አዩት።

«አውርዱላቸው» አለ።

ሌላ ሊል አልቻለም። እህሉ እዚያው አለቀ፤ እሱ በቅሎ ተከራይቶ ባዶ እጁን መካነ ሰላም ገባ። ሱቁ በረንዳ ላይ የተኙትን ሰዎች ተሻግሮ ነበር ቤቱ የገባው። በለጡ ጨርቁን እየሸጠች ባቄላ ትገዛላቸው ነበር፤ ጨርቁም አልቆ ነበር።

በነጋታው ወደ ቸኮል መንደር ወረደ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«እማማ ድንቅነሽስ?»

«ከጥምቀት በኋላ አረፈች። አልተቀየመችህም» አሉ። «‹ልጁ መንገድ ላይ ይሆናል፣ መንገዱ ሩቅ ነው› ስትል ነው የሞተችው።»

አራጌ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ቸኮል አላባበሉትም፤ አልገሰጹትምም። ቢሰድቡት በወደደ ነበር።

መስከረም ላይ ንጉሡ መውረዳቸውና ምክር ቤቱ መበተኑ በሬዲዮ ተነገረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለት ወታደሮች መጥተው እህሉን ለማን እንደሸጠ ጠየቁት። አቀስታ ላይ የሆነውን ነገራቸው። አንደኛው ሳቀ። ሐጂ ይማምና የከተማው ሽማግሎች እስኪለምኑለት ድረስ ታስሮ ቆየ።

ሲፈታ ዘመኑ ሌላ ነበር። መሬት ላራሹ ታውጇል፤ በከተማውም የቀበሌ ምርጫ ተጠራ። አራጌ ነጠላውን አጣፍቶ ከበለጡ ጋር ወጣ። በር ላይ የቆመው ወጣት ስሙን ሲሰማ እጁን ዘረጋ።

«እርስዎ የድሮው ፓርላማ አባል ነበሩ። አይመርጡም፣ አይመረጡም።»

«ገብቼ ላዳምጥስ?»

«አይቻልም አባቴ፣ ይመለሱ።»

ተመለሰ። ባዶው ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ከስብሰባው ሜዳ የሚመጣውን ጭብጨባ ይሰማ ነበር። በለጡ ስትመጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች።

«ማንን መረጣችሁ?»

«ከደሴ የመጣውን ልጅ። ሌላ የቀረበ ሰው አልነበረም። እጅ አውጡ ተባለ፣ አወጣን።»

«ስለ እህሉ የጠየቀ አለ?»

«ሐጂ ይማም ጠየቁ። ‹ለበላይ አካል እናቀርባለን› አላቸው።»

በለጡ ነጠላዋን አውልቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችና ውሃ ልትቀዳ ወጣች።