የአንድነቱ በሬ

በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት የነቢያት ጾምና ረመዳን ተያይዘው ገቡ። ጅማ ክርስቲያኑም እስላሙም ጾሞ ከረመ። መንግሥት ግን ይህን ልብ ሳይል በዚያው በኅዳር ሕዝቡን ለክርክር ጠራ።

ጥሪው በሀጂ ቲጃኒ የቡና መጋዘን በር ላይ ተለጠፈ። ከአርባዎቹ ቡና ለቃሚ ሴቶች ፊደል የምትለይ ሸዋረገጥ ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን የኔታ ቤት ገብታ አይደለም፤ ከሟች ባሏ መዝሙረ ዳዊት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሰማችውን ከፊደሉ ጋር እያስተያየች፣ ዓመት በፈጀ ትዕግሥት የለመደችው ነው። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፦

«መንግሥት በሠራተኛ ደመወዝ፣ በግብር አከፋፈልና ሕዝብን በማቀራረብ ረገድ ድርሻው ምን መሆን ይገባዋል? ሕዝቡ ሐሳቡን በነፃ ይግለጽ።»

ፈድሊያ ከጎኗ ቆማ ነበር። «እኛን ነው የሚጠይቁት?»

«እኛን ነው።»

«ያ ረቢ! መንግሥትም መካሪ ቸግሮታል ማለት ነው።»

ሁለቱ ሴቶች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ከአንድ ኬሻ ላይ ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ሲለቅሙ ኖረዋል። ሸዋረገጥ ክርስቲያን ናት፣ ከሸዋ ባሏን ተከትላ የመጣች፤ ፈድሊያ እስላም ናት፣ የጅማ ተወላጅ። ፈድሊያ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይዛ አትመጣም። የጾም ወጥ ቢላ አላየውም፤ ቢላ ያላየው ወጥ ደግሞ ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ይህን ያዘዛቸው ማንም የለም፤ የከለከላቸውም የለም።

ተናጋሪ ይመረጥ ሲባል ሴቶቹ ብዙ አልተጨቃጨቁም። «ሸዋዬ ትናገር» አሉ። «ስታዳምጥ ነው የኖረችው፤ ያጠራቀመችው አይጠፋም።»

ሸዋረገጥም እምቢ አላለችም። የሚያንገበግባት ነገር ነበራት። በቾ ቦሬ ሰፈር የተከራየቻት አንዲት ክፍል በወር አራት ብር የነበረችው ከጥር ጀምሮ ስድስት ትሆናለች ተብላለች። በቀን አርባ ሳንቲም ለሚያገኝ ሰው ሁለት ብር ከየት ይመጣል? ካልመጣ ክፍሏን ለቃ፣ ሊሙ ገጠር የባሏ ወንድም ቤት ገብታ፣ የሰው ጓዳ ስትጠብቅ ማርጀቷ ነው። ስለዚህ ሃያ ሳንቲም ጭማሪ ልትጠይቅ ቆረጠች።

ክርክሩ የተደረገው እዚያው በመጋዘኑ ግቢ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አቶ ፍስሐ መነጽር ያደረጉ፣ ንግግራቸው የለዘበ፣ ክፉ የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። አረንጓዴ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው «ያለ ፍርሃት ተናገሩ» አሉ።

ሸዋረገጥ ተነሥታ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ በቀን አርባ ሳንቲም ነው የምናገኘው። ኑሮው ከፍ አለ፣ እኛ እዚያው ነን። ሃያ ሳንቲም ይጨመርልን።»

«መልካም ጥያቄ ነው፣ እማማ» አሉ አቶ ፍስሐ። «ነገር ግን ደመወዝ በሠሪና በአሠሪ መካከል ያለ ነፃ ስምምነት ነው። መንግሥት እጁን አያስገባበትም።»

ሁሉም ወደ ሀጂ ቲጃኒ ዞረ። ሀጂ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «እኔ መቼ ጠላሁ?» አሉ። «ግብሩ ይቀነስልኝና ወላሂ ዛሬውኑ ልጨምር! ከቡናው እኮ ለእኔ የሚተርፈው ገለባው ነው።»

ከኋላ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሽማግሌው አብዱልፈታሕ ሳቅ እያነቃቸው፣ «መካ አድርሶ የመለሳቸውም ያው ገለባው ነው» አሉ። ግቢው ሳቀ፤ ሀጂም ሳቁ።

«ግብር መቀነስ አይቻልም» አሉ አቶ ፍስሐ፤ «መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሁሉም ከግብር ነው።» ከዚያ ፊታቸው በራ። «ሦስተኛው ጉዳይ ግን፣ ሕዝብን ማቀራረብ፣ ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነው!»

እንዲህ ሆነና ከሦስቱ ጉዳዮች ማንም ያልጠየቀው ብቻ ተፈቀደ።

አቶ ፍስሐ እጃቸውን ቢያወዛውዙ አንድ ቀይ፣ ቀንደ ሰፊ በሬ እየተጎተተ ገባ። የአንድነት በሬ ነው፤ ክርስቲያኑና እስላሙ ዛሬ ከአንድ ሥጋ ይበላሉ። ገንዘቡ ከነጋዴዎች መዋጮ ነው፤ ሠራተኛውም ባለቤትነት እንዲሰማው ከያንዳንዱ ሃያ ሃያ ሳንቲም ከቅዳሜ ክፍያ ላይ ይቆረጣል። ሃያ ሳንቲም ልታስጨምር የተነሣችው ሸዋረገጥ ሃያ ሳንቲም አስቀንሳ ተቀመጠች።

«ማን ይረደው?» አሉ አብዱልፈታሕ።

አቶ ፍስሐ ይህንንም አስበውበት መጥተዋል። «አንድ ክርስቲያንና አንድ እስላም ቢላውን አብረው ይያዙ!»

«ጌታዬ» አሉ አብዱልፈታሕ ቀስ ብለው፣ «ቢላውን ሁለቱ አብረው ከያዙት ሥጋውን የሚበላው ጅብ ነው። እነሱም የኛ ነው ብለው አይቀምሱት፣ እኛም።»

«ደግሞስ ጾም ነው» አለች ሸዋረገጥ።

«ጾም ነው» አለች ፈድሊያ።

«የማን ጾም?» አሉ አቶ ፍስሐ።

«የሁላችንም!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። ያን ቀን በሁሉ ፊት የታየ አንድነት ይኸው ነበር።

አቶ ፍስሐ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አስበው አስበው፣ በዓሉ ከገና በኋላ እንዲሆን ወሰኑ፤ እስከዚያ በቢላው ነገር ሕዝቡ ራሱ ይስማማና ያሳውቃቸው። በሬውን ግን ማን ይጠብቀው? ለአንዱ ሃይማኖት ቢሰጥ ሌላው ይከፋል። ስለዚህ ሁለቱም ወገን እኩል እንዲወከል ሸዋረገጥና ፈድሊያ ተሾሙ። ለበሬው መኖና ለጠባቂዎቹ ድካም በቀን ስሳ ሳንቲም ተቆረጠ፤ ከፋዩ ሀጂ ቲጃኒ። ለሰው ደመወዝ መወሰን የማይችለው መንግሥት ለበሬ ወሰነ።

ሣሩ ከአወቱ ወንዝ ዳር በነፃ ይታጨዳል። ሴቶቹ ጠዋት ከሥራ በፊት አንድ ሸክም፣ ማታ አንድ ሸክም ያመጣሉ፤ ስሳውን ሳንቲም ሠላሳ ሠላሳ ይካፈላሉ። ጥር ሲገባ ሸዋረገጥ ለቤቱ ባለቤት ስድስቱን ብር ቆጥራ ሰጠች። በሬውም ወፈረ።

ገና በዋለ በሳምንቱ አቶ ፍስሐ መጡ። «እህስ፣ በቢላው ተስማማችሁ?»

ሸዋረገጥ አፏን ከፈተች። ነገሩ እኮ ያለቀ ነው፤ ጅማ ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚያደርገውን ማድረግ ነው፦ ትልቁን ሸጦ ሁለት ትንንሽ መግዛት፣ አንዱን በክርስቲያን ቢላ፣ አንዱን በእስላም ቢላ ማረድ። ልትናገረው ስትል ፈድሊያ እግሯን ረገጠቻት።

«አልተስማማንም፣ ጌታዬ» አለች ፈድሊያ። «እኔ የነሱን ቢላ አልቀበልም።»

አቶ ፍስሐ ወደ ሸዋረገጥ ዞሩ። ሸዋረገጥ የቤት ኪራይዋን አሰበች፤ በልቧም አማተበች። «እኔም የእነሱን» አለች።

«ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«አሥራ አንድ ዓመት፣ ጌታዬ። ቁርሾው ጥልቅ ነው» አለች ፈድሊያ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አቶ ፍስሐ የምታለቅስ መሰላቸውና አዘኑ። በሬው ሌላ ወር ይቆይ አሉ።

ሸዋረገጥ ግን እንቅልፍ አጣች። ሄዳ ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች።

«ከጓደኛሽ ጋር ተጣልተሻል?»

«አልተጣላሁም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ያስናዝዝሻል?»

«ተጣልቻለሁ ብዬ ለመንግሥት ተናገርኩ።»

«ሰው ተጣልቶ አልተጣላሁም ሲለኝ ነው የኖርኩት፤ ይህ አዲስ ነው» አሉ አባ፤ በየቀኑም ሃያ ስግደት ሰጧት። ሸዋረገጥ ቅር አልተሰኘችም፤ ሀጂ ግብር ይከፍላሉ፣ እሷም የገቢዋን በጉልበቷ ትከፍላለች።

የካቲት ሲቃረብ ሀጂ ቲጃኒ የክርስቲያኑን አጽዋማት ከዲያቆን አብልጠው አወቁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ሴቶች ወደ ሚዛኑ ጥግ ጠሯቸው።

«ማሎ፣ እባካችሁ» አሉ፣ «ዐቢይ ጾም መቼ ነው የሚገባው?»

«የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ፣ ሀጂ።»

«ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

ሀጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በሃምሳ አምስት ቀን ይህ በሬ እኔን ይበላኛል፤ ጠቡ ካልበረደ ደግሞ መንግሥት በየወሩ እየመጣ የግብር መዝገቤን ሲያገላብጥ ሊኖር ነው። ያላችሁት ጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕቃ ለዕቃ ስትዋዋሱ ሳይ አይደል የኖርኩት? ታረቁ! ለሁለታችሁ ቀኑን ስሳ ስሳ ሳንቲም አድርጌላችኋለሁ።»

ፈድሊያ ዓይኗ በራ። «አልሐምዱ ሊላህ! ሸዋዬ፣ እንታረቅ።»

ሸዋረገጥ እንደ ልማዷ አዳመጠች። ከኋላዋ መጋዘኑ ውስጥ የሠላሳ ስምንት ሴቶች እጅ ፍሬ ከፍሬ ሲለይ እንደ ደረቅ ዝናብ ይንኮሻኮሻል። ሁሉም ሃያ ሃያ ሳንቲም አዋጥተው ነበር፤ ተናጋሪ አድርገው የላኳትም እነሱ ናቸው። ሒሳቡም ገብቷታል፦ ዛሬ ከበሬው ጋር በቀን ሰባ ታገኛለች፤ ብትታረቅ ስሳ። ለኪራዩ ሁለቱም ይበቃሉ።

«ለአርባችንም ካልሆነ አልታረቅም» አለች።

«አንቺ ሴትዮ! የተጣላችሁት እናንተ ሁለታችሁ!»

«የተጣላነው በሕዝብ ስም ነው፣ ሀጂ።»

«ፈድሊያ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ፈድሊያ ጓደኛዋን አየቻት፤ ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ እንኳ ልታረቅ ነበር። ምን ላድርግ፣ ይቺ ክርስቲያን ግትር ናት።»

ሀጂ ግብሩን ጠሩ፣ የቡናውን ዋጋ ጠሩ፣ አላህን ጠሩ። ሴቶቹ ቆመው ጠበቁ። ከግቢው በሬው አንድ ጊዜ ረጅም አድርጎ አገሳ። ሀጂ ወደ ድምፁ ዞረው፣ «ጅብ ይብላህ!» አሉ፤ መልሰውም «ለአርባውም ስሳ። ከሰኞ ጀምሮ። ለሌሎቹ ነጋዴዎች ግን ወሬው ከዚህ እንዳይወጣ» አሉ።

የቅበላ እሑድ በሬው በገበያ ተሸጠ፤ ወፍሮ ስለነበር ዘጠና አምስት ብር አወጣ። ከዚያ ላይ የገበያ ቀረጥ ተከፈለ፤ በቀረው ሁለት ወይፈን ተገዛ። አንዱ ከመጋዘኑ ፊት፣ ሌላው ከመጋዘኑ ኋላ ታረደ። ሕዝቡ በሁለት ወገን በላ፣ መሐል ላይ ተገናኝቶ አወጋ፤ ልክ በየሠርጉ እንደሚያደርገው።

አቶ ፍስሐ ደስታቸው ወሰን አጣ። ሳጥን ላይ ቆመው፣ ይህ የሁለት ቢላ ዘዴ በጥናት የተደረሰበት መሆኑን፣ ወደ ሌሎች አውራጃዎችም እንደሚዳረስ ተናገሩ። የደመወዙ ጭማሪም መንግሥት እጁን ሳያስገባ በነፃ ስምምነት የተገኘ ስለሆነ የክርክሩ ፍሬ ነው አሉ። ሀጂ ቲጃኒ ቀድመው አጨበጨቡ።

በመጨረሻ ማስታወሻቸውን ይዘው ወደ ፈድሊያ መጡ። «እስቲ ለሪፖርቱ አንድ ቃል ስጪን። መንግሥት ባይገባበት ኖሮ እናንተ ሁለታችሁ ምን ትሆኑ ነበር?»

ፈድሊያ አጎንብሳ፣ እንደ ትሑት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በኦሮምኛ መለሰች፦ መንግሥት ባይገባበት ኖሮ መቼ እንጣላ ነበር?

«ምን አለች?» አሉ አቶ ፍስሐ ወደ ሀጂ ቲጃኒ ዞረው።

ሀጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «ምስጋና ነው ጌታዬ፤ ረጅም ዕድሜ ይስጥልን ነው የምትለው።»

አቶ ፍስሐ ጻፉ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው፣ ኦሮምኛው እንደ አማርኛው ወደሚገባት ወደ ሸዋረገጥ ዞሩ። «አንቺስ እማማ፣ የምትጨምሪው አለ?»

ሸዋረገጥ የነገዎቹን ስግደቶች አሰበች። «የለም፣ ጌታዬ» አለች፤ «እሷ ጨርሳዋለች።»