የጓርኒሲዮኑ ለቅሶ

«እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ግቢያችን መሃል እንደ ቆሙ። «ጣሊያንም ቢሆን ሰው ነው። ታሞ ነው ወይስ ድንገት?»

ሽኩር እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሮ ከሞተር ብስክሌቱ ሥር ቀና አለ። «ማን እትዬ?»

«ያ ጓርኒሲዮን የምትለው ነዋ! አሁን ለሰዓደት ‹ጓርኒሲዮኑ ሞቷል፣ አለቀለት› ስትላት ሰምቼ እኮ ነው የመጣሁት።»

ሚስቱ ሰዓደት የያዘችውን ጣሳ መሬት አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው በእርግጥም ሐዘን ገብቶባታል ይል ነበር። እኔ ደጃፌ ላይ፣ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ፤ ክር በጥርሴ የምበጥስ መስዬ ሳቄን ዋጥኩት።

«እትዬ፣ ጓርኒሲዮን ሰው አይደለም» አለ ሽኩር፣ በታላቅ ትሕትና። «ወረቀት ነው። በሞተሩና በክዳኑ መሃል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ ወረቀት። አርጅቶ ተቀደደ ለማለት ነው።»

እትዬ በለጥሻቸው የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ወደ ታች አዩ። ቀጥሎ ሰዓደትን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። በመጨረሻ ዓይናቸው ከሞተሩ ሥር ያለው ሰፊ ድንጋይ ላይ አረፈ። ያ ድንጋይ እሳቸው ጥጥ የሚያሰጡበት ነው። ለሸማ ተራ ሸማኔዎች የሚፈትሉት ጥጥ ፀሐይ የሚሞቀው እዚያ ላይ ነው። አሁን መሃሉ ላይ የሰሃን አፍ የሚያክል ጥቁር ዘይት ተኝቷል።

«ለወረቀት ኖሯል ነጠላዬን ያዘቀዘቅኩት» አሉ ቀስ ብለው። እሳቸው ቀስ ብለው ሲናገሩ ነው የሚያስፈራው። «ስማ ሽኩር። ማታ ነጭ አቡጀዲ ከሞተርህ ሥር አነጥፋለሁ። ነገ ከቅዳሴ ስመለስ አንዲት ጠብታ ባገኝ፣ ከነገ ጀምሮ ማደሪያዋ ደጅ ነው።»

ግቢው የእሳቸው ነው፤ እኛ ተከራዮች ነን። በሌላ ሰፈር ቢሆን ደጅ ማደር ምንም ላይሆን ይችላል። የእኛ ደጅ ግን መርካቶ ነው። ሞተር ብስክሌት ደጅ ያሳደረ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ምን አለሽ ተራ ይሄድና የገዛ መብራቱን ተከራክሮ ይገዛል። ሽኩር ደግሞ ያለሷ እንጀራ የለውም። የአንድ ጅምላ ነጋዴ መልእክተኛ ነው፤ ከሱቅ ጉምሩክ፣ ከጉምሩክ ለገሃር ወረቀትና የጨርቅ ናሙና ሲያመላልስ ይውላል። እውነቱን ለመናገር ነጋዴው የቀጠረው ሞተሯን ነው፤ ሽኩር አብሯት ስለመጣ አላባረረውም።

ደግሞስ እንዴት የተገኘች ሞተር መሰለቻችሁ! ከምን አለሽ ተራ በጆንያ እየተሸከመ ነው ያመጣት። መጀመሪያ መሪዋ መጣ። ያን ጊዜ ሰው «ሽኩር ምን ገዛ?» ሲለኝ፣ «መሪ ገዝቷል፤ የሚመራው ነገር ኋላ ይመጣል» እል ነበር። በስድስተኛው ወር ግቢው ውስጥ ስትጮህ መቀሴን ጥዬ ተነሣሁ። ከዚያ ወዲህ ባፌ ባሾፍበትም በሆዴ ባርኔጣዬን አንሥቼለታለሁ።

ለነገሩ የጓርኒሲዮኑን መሞት ያወቀው በእኔው ጠመኔ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ቅዳሜ ነው፣ «ከታች ነው የሚንጠባጠበው፤ የታችኛውን ቡሎን ጠበቅ አድርገውና ተገላገል» ብዬው ነበር።

«ጋሼ ብርሃኔ፣ እርስዎ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቢቀደድ ቀበቶውን ያጠብቁታል?»

የልብስ ማስመሪያ ጠመኔዎን አውሱኝ አለ፤ ሰጠሁት። ሞተሩን በቤንዚን አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ጠመኔዬን በቢላ እየፋቀ ዱቄቱን በላይዋ ነሰነሰው።

«ልትድራት ነው እንዴ?» አልኩት።

«ዝም ብለው ይዩ።»

ረግጦ አስነሣት። ሁለታችንም ቁጢጥ ብለን ፊት ፊቷን ስናይ ቆየን። ትንሽ እንደ ሠራች በነጩ ዱቄት ላይ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር ብቅ አለች። ከታች አይደለም፤ ከላይ፣ ከጎን ክዳኑ ጀርባ ነው የተነሣችው። ተሽሎክልካ ወርዳ፣ ታች ያለውን ቡሎን ዞራ፣ እዚያ ጠብ አለች። ስንት ወር ሙሉ ያለ ጥፋቱ ስናማው የኖርነው ያን ምስኪን ቡሎን ነው። የምታለቅስበትና የሚያማት ቦታ ለየቅል ነበር።

እንግዲህ እትዬ በለጥሻቸው ፈርደው ከገቡ በኋላ ሽኩር ዘይቱን ጣሳ ውስጥ አንጠፈጠፈና ክዳኑን መፍታት ጀመረ። አፈታቱን ባያችሁ። በካርቶን ላይ የክዳኑን መልክ በእርሳስ ሥሎ፣ እያንዳንዱን ቡሎን ከወጣበት ቦታ ልክ ካርቶኑን በስቶ ይሰካዋል። አንዱ ረዥም ነው፣ አንዱ አጭር፤ ካልተቀያየሩ ጠብ የለም። የተጣበቀውን አሮጌ ወረቀት ደግሞ በተሾለ ሸምበቆ ይፍቃል።

«ቢላ እያለህ በሸምበቆ?»

«ቢላ ይቧጭራታል፤ የተቧጨረ ደግሞ ለዘይት በር ነው።»

አንድ ሰዓት ሙሉ ፋቀ። ሲጨርስ ጣቱን በዙሪያው አስኬደ። እኔ ሐር ስገዛ ጣቴን እንደዚያ ነው የማስኬደው።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጓርኒሲዮን የሚሸጠው ፒያሳ ያለ አንድ ሱቅ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል። ሽኩር ባዶ እጁን ተቀምጦ ግድግዳዬን ሲያይ ቆየ። ግድግዳዬ ላይ የደንበኞቼ ልክ የተቆረጠባቸው ወፍራም ወረቀቶች በምስማር ተንጠልጥለዋል። ተነሥቶ አንድ በአንድ በጣቶቹ መሃል አሻቸውና አንዱን መረጠ።

«ይሄ የማን ነው?»

ጀርባውን አነበብኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ «በለጥሻቸው፣ ወገብ» ይላል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት።

«ወፍራም ነው» አለ።

«ወረቀቱ ነው ወገቡ?»

ሰዓደት ጣሳውን እንደገና መሬት አስቀመጠችው።

«በል ቁረጠው» አልኩ። «እሳቸው የያዙት ነገር ሲፈስ አይቼ አላውቅም።»

መቀስ አቀበልኩት፤ አልፈልግም አለ። ወረቀቱን ክዳኑ ላይ ዘርግቶ በትንሽዬ መዶሻ ክብ ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ ቀስ እያለ ይመታው ጀመር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የብረቱ የገዛ ጠርዝ ከሥር ሆኖ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። የቡሎኖቹንም ቀዳዳ እንዲሁ። ያነሣው ጊዜ የክዳኑ ጥላ ወረቀት ሆኖ የወጣ ይመስል ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መቀስ ይዣለሁ፤ የተለካውን ዕቃ ራሱን መቀስ ያደረገ ሰው ግን አላየሁም።

ወረቀቱን ዘይት ቀባብቶ አስቀመጠው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ቡሎኖቹን ከካርቶኑ እየነቀለ ወደየቤታቸው መለሰ። አንዱንም ባንድ ጊዜ አላጠበቀም። ከዚህ ትንሽ፣ ከወዲያ ማዶ ትንሽ፣ እንደገና ከዚህ ትንሽ። እጅጌ ሲገባ እንዲሁ ነው፤ አንዱን ወገን ቀድመህ ጨርሰህ ከሰፋኸው ሌላው ይኮማተራል። ይህን ማን አስተማረው? ብጠይቀው «እርስዎን ሳይ» አለኝ። ሽንገላ ይሁን እውነት እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ደስ ግን ብሎኛል።

ሽኩር ዘይቱን መልሶ ሞላና ሞተሯን አስነሥቶ ሞከራት። ሲመሽ እትዬ በለጥሻቸው ድንጋዩን በአመድ አሳጥበው፣ አቡጀዲያቸውን በእጃቸው አነጠፉ። «የነካው ሰው ወዮለት» ብለው ገቡ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ከቅዳሴ ተመለሱ። ሽኩር ከደጃፉ፣ እኔ ከደጃፌ ተነሣን። ሰዓደት ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። እትዬ በለጥሻቸው ጎንበስ ብለው አዩ። እኔም ባንገታቸው ላይ አሻግሬ አየሁ፤ በነጩ ጨርቅ መሃል አንዲት ጥቁር ነጥብ።

የሽኩር ፊት አመድ መሰለ። «ወላሂ፣ አጥብቄው ነበር...» አለ።

እትዬ በለጥሻቸው ጣታቸውን ወደ ነጥቧ ሰደዱ። ነጥቧ ተነሥታ ሄደች። ጉንዳን ነበረች።

ሰዓደት «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። እትዬ በለጥሻቸው ጨርቁን አንሥተው ወደ ፀሐይ ዘረጉት፣ ገለበጡት፣ አሸተቱት ሁሉ። ምንም የለበትም፤ እንደ ተነጠፈ ነጭ ነው።

«እንግዲህ ትቆያለች እትዬ?» አለ ሽኩር፣ እጆቹን እያፍተለተለ።

እትዬ በለጥሻቸው አቡጀዲውን መልሰው ከሞተሯ ሥር አነጠፉ፣ አራቱንም ጫፍ በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና አሉ።

«የሟቹ ሰልስት ይውጣ።»