በቬርና ራዲያተር ውስጥ የበዛው ውሃ

ኦረስት ሃሪሉክ በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜው መኪናውን ጋራዥ ያስገባው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን የማያውቅ ሰው በከተማዋ የለም፤ እሱው ራሱ ሲነግራቸው ነው የኖረው። የሳስካችዋን የስንዴ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ በደጁ ሊሠራው የሚችለውን ለባለሙያ ከሰጠ እንደ ሰነፍ ይታያል። ስለዚህ ባለፈው መስከረም ጎረቤቱ ቬርና ሊንድክቪስት የመኪናዋ ኩላንት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውና በብርድ በረዶ የማይሠራው ፈሳሽ፣ መቀየር እንዳለበት ስታነሳ፣ ጋራዥ የሚለውን ቃል ተናግራ ሳትጨርስ "እኔ እያለሁ?" ብሎ አፏን አስያዛት። ቬርና የሟቹ ጓደኛው የጎርደን ሚስት ናት። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት ያህል ነድታ አረጋውያን መኖሪያ ያለችውን እህቷን ትጠይቃለች። ያለ መኪና እዚያ አገር ብቻን መኖር አይቻልም።

ሥራውን ላየው ደስ ይል ነበር። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ከራዲያተሩ ሥር ሳፋ አስቀምጦ የማፍሰሻውን ቡሎን ፈታ፣ ዝገት የመሰለውን አሮጌ ፈሳሽ እስከ መጨረሻው ጠብታ አወጣ። ነገሩ ጣፋጭ መርዝ ነውና የሰፈር ውሻ እንዳይልሰው ወዲያው ጀሪካን ውስጥ ገልብጦ ከደነው። ከዚያ አባቱ እንዳስተማረው፣ እሱም ልጆቹን እንዳስተማረው፣ አዲሱን ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ አድርጎ በባልዲ በጠበጠ። ሞላው፣ ሞተሩን አስነስቶ አየሩ እስኪወጣ ክዳኑን ክፍት አድርጎ ጠበቀ፣ የጎደለውን ጨመረ። አዲሱ ኩላንት የተሸጠበት ጀሪካን ላይ የተጻፈውን አላነበበም። መነጽሩ ቤት ነበር፤ ደግሞስ ሃምሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ ማን እያነበበ ይሠራል?

በጥር ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ገባ። የቬርና መኪና ከከተማ ወጥታ ሃያ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ጋለችና ቆመች፤ ቬርናን በረዶ መሀል አግኝቶ የመለሳት አንድ የወተት መኪና ሾፌር ነው። መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ራዲያተሩ በረዶ ሠርቶ ተሰንጥቋል፣ ሞተሩም ተቃጥሏል። መካኒኩ ድዌይን ፈሳሹን በመለኪያ መጥጦ አየና፣ ይሄማ ከኩላንት ውሃው ይበዛል፣ አንድ ሰው ውሃ ጨምሮበታል አለ። ኦረስት አጠገቧ ቆሞ ነበር። ቬርና ፊቷ ቀልቶ፣ በኅዳር የመስታወት ማጠቢያውን ስትሞላ ምናልባት ክዳን ተሳስታ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምራ እንደሆነ ጠየቀች። "ምናልባት" ያለችው ነገር እስከ ማታ ድረስ በከተማው ሁሉ "አዎ" ሆኖ ነበር።

የከተማው ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት በኅብረት ሥራ ሱቁ ጥግ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይጠጣሉ፤ የዚያ ጠረጴዛ ወሬ ሬዲዮን ይቀድማል። ቀልደኛው ስታን በማግስቱ የጀመረው በሷ ነው።

"ብርድ ነው ብላ ለራዲያተሩ ሻይ አፍልታለት ይሆናል" አለ። "ቀጥላ ብስኩት ታጎርሰዋለች።"

ሁሉም ሳቁ። ኦረስትም ሳቀ።

የድዌይን ቃል ግን አልተወው ስላለ ቤቱ እንደተመለሰ በቀጥታ ዕቃ ቤቱ ገባ። የአዲሱን ኩላንት ባዶ ጀሪካን ከመደርደሪያ አወረደ፣ መነጽሩን አደረገ። ተበጥብጦ የተዘጋጀ ነው፣ ውሃ አይጨመርበት ይላል፤ ያውም በትልልቅ ፊደል። ደጋግሞ አነበበው። ጆሮው ድረስ በሐፍረት ጋለ። ጀሪካኑን ከቀለም ቆርቆሮዎች ኋላ ደበቀና፣ ዛሬ ይለፍ፣ ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገም ሌላ ነገ ነበረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ የሚጨልምበትን ሰው ግን የሚያስታውስ የለም። ሐሙስ ሐሙስ በራሱ መኪና እህቷ ዘንድ ይወስዳት ጀመር። እሷ ደግነቱ መስሏት፣ ሲመልሳት ሾርባ አቅርባ ታመሰግነዋለች። ይጠጣል።

በየካቲት መጀመሪያ ልጇ ኬንት ከካልጋሪ መጣ። ቬርና ኦረስትን አስጠራችው፤ ቤቷ ለሽያጭ የሚቀርብበትን ወረቀት ስትፈርም ምስክር እንዲሆናት ነው። ወረቀቱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ኬንት በለሰለሰ ድምፅ፣ ዛሬ ራዲያተር ውስጥ ውሃ የጨመረች እናት ነገ ምድጃ ለኩሳ ብትረሳስ እያለ ከእንግዲህ ብቻዋን መኖር እንደሌለባት ያስረዳል። ቬርና አልተከራከረችም። እስክሪብቶውን አነሳች።

"ቆይ፣ አትፈርሚ" አለ ኦረስት።

"ምነው?"

"ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ኩላንቱ ተበጥብጦ የተሸጠ ነው። ሳላነብ እንደገና በውሃ በጠበጥኩት። አንቺ ምንም አልነካሽም።"

ኬንት እናቱን አየ። ቬርና እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠች።

"መቼ ነው ያወቅከው?" አለች።

"ድዌይን ባየው ማግስት።"

"ሦስት ሳምንት" አለች። "የማጠቢያውን ሰማያዊ ጠርሙስ ይዤ ትክክለኛውን ክዳን ስከፍት ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሁላችሁም ተሳስተሻል ስትሉኝ የሚታየኝን ማመን ተውኩ። ከመተኛቴ በፊት ምድጃውን አራት ጊዜ አያለሁ። የልጅ ልጆቼን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ጠዋት ጠዋት አጠናለሁ፣ እንዳይጠፋኝ። አንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ ሾርባዬን ትጠጣለህ።"

ኦረስት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ አድርጊልኝ አለ፤ ሞተሩን እተካለሁ፣ ራዲያተሩንም እገዛለሁ እያለ ሲቀባጥር አቋረጠችው።

"መኪናው ብረት ነው፣ ኦረስት። የወሰድክብኝ ጭንቅላቴን ነው።"

ወረቀቱን አጥፋ ለልጇ መለሰችለት። ኬንት ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

"ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ሲስቁብኝ ነበርክ?"

"ነበርኩ።"

"ሳቅክ?"

ኦረስት ለመዋሸት እንኳ አቅም አጣ። "ሳቅኩ" አለ።

"እንግዲያው ነገ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት ትነግራቸዋለህ። እኔም መጥቼ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ።"

ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ሞተር ግዛ ብትለው ኖሮ በዚያው ቀን ገዝቶ በተገላገለ። እሺ አለና ካፖርቱን አነሳ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ብርዱ ትዝ አለውና፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥቶ ይውሰዳት እንደሆነ ጠየቃት።

"በእግሬ እመጣለሁ" አለች ቬርና።