ከቀለሙ ሥር የወጣው ስም

የእናቷን ስም በዚያ ካሚዮን በር ላይ ማን ጻፈው? ዶሪን ይህን ስታስብ ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሏታል። መልሱን ብታውቅ ይሻላት እንደሆነ ወይስ ባታውቅ፣ እሱንም አታውቀውም።

የልጅ ልጇ ጋሬት የድሮ የጦር መኪና ሰብሳቢ ነው። የዶሪን አባት ዊልፍ በጦርነቱ ማብቂያ ኖርዌይ ውስጥ ይነዳው የነበረውን ካሚዮን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ ኖሯል። ሠራዊቱ ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ብዙዎቹን መኪኖች እዚያው ትቷቸው ነበርና ገበሬዎች ግንድ ሲጭኑባቸው ኖሩ። የመኪና ሰብሳቢዎች ማኅበር ጓደኞቹ "የቅድመ አያትህ ጋሪ ዛሬም አልተገኘ?" እያሉ ሲስቁበት አንጀቷ የሚያርረው ዶሪን ነበረች። በመጨረሻ አንድ ጎተራ ውስጥ ተገኘ ተባለ። በመርከብ መጣ፤ ጉምሩክ ወደብ ላይ አንድ ወር ያዘው ተባለ፤ ከዚያ ሊንከንሻየር፣ እሷው ግቢ ድረስ ገባ።

እነዚህ ሰዎች ደንብ አላቸው። ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና ገና ሳይጠገን ቀለሙን ውሃ በነካ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ይፍቁታል። መጀመሪያ የገበሬው ሰማያዊ ይለቃል፣ ከዚያ አንድ ግራጫ፣ ከሥር የጦሩ አረንጓዴ። እዚያ ላይ የሚወጣው ቁጥር ወይም ስም መኪናው የማን እንደነበረ ይናገራል። ቅዳሜ ዕለት ማኅበርተኞቹ ከበው ሲያዩ፣ ጋሬት የሾፌሩን በር ሲፍቅ ነጭ ፊደል ብቅ አለ። "ማቤል" ይላል። የዶሪን እናት ስም! ዊልፍ ከካሚዮኑ ጎን ቆሞ በተነሳው የሳሎኑ ፎቶግራፍ ውስጥ በሩ ላይ እንደሚታየው፣ ከመጨረሻዋ ፊደል ጥምዝ ጋር። ሽበታም ወንዶች አለቀሱ። ዶሪንም አለቀሰች፤ የእሷ ግን ከፍርሃት ነበር።

አባቷ ካሚዮኑ ላይ ምንም ጽፎ አያውቅማ። ሌሎች ወታደሮች የሚስቶቻቸውን ስም በመኪናቸው ላይ ሲጽፉ እሱ አለመጻፉን እናቷ ሰምታ አኩርፋ ነበር። ከዘመቻ በተመለሰ ሰሞን ስሟን በቀጭን ብሩሽ ፎቶግራፉ ውስጥ ባለው የካሚዮን በር ላይ ጻፈው፣ እዚሁ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። የአምስት ዓመቷ ዶሪን የነጩን ቀለም ጠርሙስ ይዛለት ነበር። "ለእማማ እንዳትነግሪ" አላት። ሰባ ዓመት ለማንም አልተነፈሰችም።

ፎቶግራፉን ባለፈው ክረምት የተዋሰው ዴዝሞንድ ነው፤ የሟች ባሏ የአርባ ዓመት ጓደኛ፣ የጋሬትን የማስመጫ ወረቀት ሁሉ የሚጨርስለት፣ እጁ ለቀለም የተፈጠረ። እሱ ነው፤ የዋሁን ልጅ አታሎታል!

ማክሰኞ ከሰዓት ሁለቱም መጡ። ሻይ ቀዳችላቸው።

"ናን፣ እዚች ጋ ፈርሚልኝ" አለ ጋሬት ወረቀት እየዘረጋ። ከልጅነቱ ጀምሮ ናን፣ አያቴ እንደማለት፣ ነው የሚላት። "‹የአባቴ መኪና ለመሆኑ ምስክር ነኝ› ነው የሚለው ወረቀቱ። የቤተሰብ ምስክር ያለው በሰኔው የድሮ የጦር መኪኖች ሰልፍ ከፊት ይሄዳል። ሲስቁብኝ የኖሩት እነ ግሌን አፋቸውን ይይዛሉ!"

"አንቺ ከጎኑ ነሽ፣ ዶሪን" አለ ዴዝሞንድ። "ባርኔጣ ፈልጊ እንጂ፣ እጅሽን እያወዛወዝሽ ልታልፊ ነው።"

"አንተ ዝም በል!" አለች ዶሪን። "ስሙ ያለው ፎቶው ላይ ነው፤ መኪናው ላይ ኖሮ አያውቅም። አባቴ ሲጽፈው ቀለሙን የያዝኩለት እኔ ነኝ። የባሌን ሬሳ የተሸከምክ ሰው፣ ልጄን እንዲህ ትጫወትበታለህ?"

ዴዝሞንድ ጋሬትን አየው። ጋሬት ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እንደነከረ ቀርቶ ነበር፤ ብስኩቱ ተቆርሶ ሰጠመ።

"ንገራት እንጂ" አለ ዴዝሞንድ። "እኔ ብሩሹን ነው የያዝኩት።"

"ምኑን ነው የሚነግረኝ?"

"ናን... መኪናው እኮ ያው ዓይነት ነው። የመጣውም ከኖርዌይ ነው። የእሱ ሊሆንም ይችላል፣ ማን ያውቃል?"

"ታውቅ ነበር?"

"ስድስት ዓመት ተሳቀብኝ።"

"ጉምሩክ ያዘው ያልከኝስ?"

"መኪናው ዴዝሞንድ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ስሙን ጽፈን ቀለም እየደረብንበት... እስኪደርቅ ነው።"

ያን ወር ሙሉ ዶሪን እንቅልፍ አጥታለች። ወደቡ ድረስ ስልክ ደውላ፣ የማታውቀውን ሰው "ልጁ ታመመብኝ፣ እባክዎ ይልቀቁለት" ብላ ለምናለች። ሰውዬው እንዲህ ያለ መኪና እኛ ዘንድ የለም ቢላት ጊዜ ሰድባዋለች።

"ቅዳሜ ሳለቅስ እያየኸኝ ነበር?"

ጋሬት አንገቱን ደፋ። "ስታለቅሺ፣ አመነች ብዬ ደስ አለኝ።" ብዕሩን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። "ከእኛ ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ የለም፣ ናን። በአንቺ ሞት።"

ዶሪን የብዕሩን ክዳን ገጠመች። ከመስኮቱ ደፍ ላይ ጋሬት የተወውን ሸካራ የብርጭቆ ወረቀት አነሳች፣ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ነከረችው፣ ውሃው እየተንጠባጠበ በሁለቱ መካከል አለፈች።

"ናን? ወዴት ነው?"

የጓሮውን በር ከፍታ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ወደ ካሚዮኑ ወጣች።