የባዶው መደርደሪያ ፎቶ

የኬሚስትሪ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ኮምጣጤ» ይሏታል። ቤተ ሙከራው ከተዘጋ ወዲህ ሙከራ የምታሳያቸው ከቤቷ በምታመጣው ኮምጣጤ ስለሆነ ነው። ስሙን ሰምታለች፤ ቅር ግን አላላትም።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራውን ባዶ መደርደሪያ በስልኳ አነሳችና የኬሚስትሪ መምህራን የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። «ፈሳሽ በጠብታ የምንለካበት ቢሬት የለኝም። ትምህርቱን እንዴት ላስተምረው?» ስትል ጠየቀች።

ከማታውቃቸው ከተሞች መልስ ጎረፈላት። አንዲት አይታት የማታውቃት መምህርት በተራ የመርፌ ሲሪንጅ እንዴት እንደሚለካ ቀርጻ ላከችላት። በማግስቱ ከተማሪዎቿ ጋር ክፍል ውስጥ ሞከሩት። ፈሳሹ በአንዲት ጠብታ ሮዝ ሲሆን ከኋላ ወንበር የማይነሱት ሁሉ ጠረጴዛውን ከበቡት። ይህንንም ቀርጻ ለግሩፑ ላከች።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ርዕሰ መምህሩ አስጠሯት። ስልካቸው ላይ የመደርደሪያው ፎቶ ተከፍቷል።

«የቤታችንን ገመና አደባባይ አወጣሽው» አሏት። «ከበላይ ደውለው ጠየቁኝ። አሁኑኑ አጥፊው።»

«ገመና አይደለም፤ ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄ ካለሽ እኔን መጠየቅ ነው።»

«አራት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። ቀናቸውን ልንገርዎት?»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ፎቶውን ካላጠፋች ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍባት፣ ከትምህርት ክፍል ኃላፊነቷም እንደምትነሳ ነገሯት።

«ይጻፉ» አለች። «እኔን የሚያስተምረኝ ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው። አላጠፋም።»

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። «ምን ቆርጦሽ ነው?» አለቻት ታላቅ እህቷ። «አጥፊውና ተገላገይ።»

«እትዬ፣ ፎቶውን ባጠፋው መደርደሪያው ይሞላል?»

«ድሮም ግትር ነሽ» ብላ እህቷ ፊቷን አዞረች።

መምህርቷ ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ስታስተምር አንድም ማስጠንቀቂያ ተጽፎባት አያውቅም። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ከፎቶው ሥር ጻፈች፦ «አጥፊው ተብያለሁ፤ አላጠፋሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሲሪንጁን ሙከራ በቀጥታ አሳያለሁ። ቤተ ሙከራ የሌላችሁ ግቡ።»

ሠላሳ ሰው ቢገባ ብላ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት መምህራን ገቡ። ስልኩን ይዛ የቀረጸችላት እህቷ ናት፣ «እጄ ዛለ» እያለች እያጉረመረመች።

ሰኞ ማስጠንቀቂያው ደረሳት። «ደርሶኛል፤ አልስማማበትም» ብላ ጽፋ ፈረመች። የትምህርት ክፍሉን ሰነዶች በእሷ ቦታ ለተተካው ወጣት የኬሚስትሪ መምህር አስረከበች። ቤተ ሙከራው ዛሬም አልተከፈተም።

ወጣቱ ሰነዶቹን ይዞ በር ላይ አመነታ። «ቲቸር፣ እኔንም ግሩፑ ውስጥ ቢያስገቡኝ?»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ» አለ። «ግን እኔም ያንኑ ትምህርት ነው ነገ የማስተምረው።»

ስልኳን አወጣችና ቁጥሩን ጠየቀችው።