ደረት ላይ የሚቆረስ ዳቦ

«ኤች ኦ ኤ መጣ!»

እንድሪያስ ይህን ብሎ ሲጮህ ጋራዡ ውስጥ ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ካርታቸውን እየጣሉ ተነሡ። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ አበሻው ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደሉ ኤች ኦ ኤ እያለ የሚጠራው፣ ሣር ላይ ለቆመ መኪና ምሕረት የለውም። ፋንታዬ ቤት ደግሞ የአባቷ ለቅሶ ከተጀመረ ወዲህ ሣሩ ራሱ የት እንደገባ አይታይም። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሰፊ ባርኔጣውን እንደደፋ ከአሮጌ ፒክአፕ ወርዶ መንገዱ ዳር ቆሟል። መኪናዎቹን አንድ በአንድ ያያል።

«እየቆጠረን ነው!» አለ እንድሪያስ። «ሶ፣ ሁላችሁም ቁልፍ ያዙ! ያቺን ካምሪ ሙቭ አድርጓት! የማን ናት?»

እንድሪያስ በሥራ ቀን የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በለቅሶ ቤት ግን የቴክሳሷ ጋርላንድ እድር ሊቀመንበር ስለሆነ የሚያዘው ጦር አያጣም። ያዘዘውም ሁሉ ተፈጸመ። ቄሱ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቫናቸውን ሊያነሡ ወጡ።

ፋንታዬ ይህን በሳሎኑ መስኮት እያየች ሳቋ ስላመለጣት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችው። አባዬ ቢኖር ኖሮ ይህንን ዓመት ሙሉ ይተርከው ነበር። «እኛ እንኳ ኮንጎ ላይ እንዲህ ፈጥነን ቦታ ለቀን አናውቅም» ማለቱ አይቀርም። ይህን ስታስብ ሳቁ ተመልሶ እንባ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲሁ ናት፤ ሁለቱ ተቀላቅለውባት የትኛው እንደሚመጣ ራሷም አታውቅም።

ሻምበል ገብረመድኅን እንየው የሞተው ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱን ጨርሶ፣ እራቱን በልቶ፣ በሚስቱ ላይ ቀልዶ በተኛበት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ለቅሶው ይከብዳል ብሎ ማን ይዋሻል? ለቀስተኛው ሁሉ አንድ አንድ የሻምበል ቀልድ ይዞ ነው የሚመጣው። «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ትዝ ይለውና ትከሻው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እናቷ ሙሉወርቅ ትናንት ምርር ብሏት «የኔን ባል ሰው እየሳቀ ነው የሚቀብረው» አለችና እሷም ሳቀች።

ከሁሉም የሚወደደው የኮንጎው ነው። ሻምበል ያኔ ለሰላም ማስከበር ኮንጎ የዘመተ ገና ምክትል መቶ አለቃ ነበር። አንዲት ጀርመናዊት ነርስ ወደ ሰፈራቸው መጣችና አዛዡ «አንተ አባትህ ጀርመን አይደል? ሂድና አነጋግራት» አለው። ሻምበል ከጀርመንኛ የሚያውቀው ዳቦ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ትእዛዝ ነውና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠና በጀርመንኛ «ዳቦ!» አላት። ሴትዮዋ ገርሟት ሄደችና አንድ ሙሉ ዳቦ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ጓዶቹ በራባቸው ቁጥር «ገብሬ፣ ሂድ ጀርመንኛ ተናገር» ይሉት ነበር።

አባቱ በእውነትም ጀርመን ነው። ሙሴ ዮሴፍ ይባላል፤ ከአገሩ ወጥቶ ጊንጪ ከአንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ተቀጥሮ የኖረ አናጢ ነው። እንግሊዞች ጣሊያንን አስወጥተው ሲገቡ ጀርመኖቹንም ለቅመው በካሚዮን ጫኑ። ሙሴ ዮሴፍ በዚያ ሄደ፣ ቀረ። ልጁ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር። የእናቱ አባት እንየው ወስዶ አሳደገው፣ ስሙንም ሰጠው፤ አድጎም ወታደር ሆነ።

«ፊቱን አላስታውሰውም» ይላት ነበር ፋንታዬን። «ደረቱን ነው የማስታውሰው። ዳቦውን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ቢላዋውን ወደ ራሱ እየሳበ ሲቆርስ። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ።»

እሱም እንዲያው ነበር የሚቆርሰው። በበዓል ቀን ድፎውን ያነሣና ገልብጦ በቢላዋው ጫፍ ከጀርባው ሦስት ጊዜ ያማትብበታል። ከዚያ ደረቱ ላይ አስደግፎ ቢላዋውን ወደ ልቡ ይስበዋል። የመጀመሪያዋ ቁራሽ ከቤቱ ትንሽ ለሆነው ልጅ ናት። እናቷ ስልሳ ዓመት ሙሉ አልለመደችውም። «አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ልታርድ ነው?» ትላለች። እሱም «ከአባቴ የወረስኩት ይቺን ብቻ ነው፤ ተይኝ» ይላታል።

ባለፈው ዓመት የፋንታዬ ልጅ ሮሆቦት፣ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ አንድ ትንሽ ቱቦ ይዛ መጣች። «አያቴ፣ እዚህ ውስጥ እንትፍ በል። ማለቴ ዘመድህን እናገኛለን።» ሻምበል ብዙ ከሳቀ በኋላ እንትፍ አለ። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ በጣም ቅርብ የሆነ የሥጋ ዘመድ አለ ይላል። ሮሆቦት ለሰውዬው መልእክት ጻፈች፣ የቤቱን አድራሻና ስልክ ሰጠች፣ በፈለጉ ጊዜ ይምጡ አለች። መልስ የለም።

ያን ሰሞን ነው አባቷ ፋንታዬን አጠገቡ ያስቀመጣት።

«ሰዎቹ ከተገኙ ሌላ ምንም አልፈልግም» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። አባቴ አንድ ልጅ አለኝ ብሎ ተናግሮ ያውቅ ነበር?»

«አንተው ትጠይቃቸዋለህ፣ አባዬ» አለችው።

በየማታው «መልስ አለ?» ይላል፤ «የለም አያቴ» ትላለች ሮሆቦት። ፋንታዬን አሁን የሚያንገበግባት ሞቱ አይደለም፤ ዕድሜማ እግዜር ሰጥቶታል። ዕድሜ ልኩን በሆዱ ይዞት የኖረውን አንድ ጥያቄ እንደያዘ መቀበሩ ነው። በሳቅ መካከል ድንገት የሚያቃጥላት እሱ ነው።

ከመስኮቱ ዘወር ስትል ያ የኤች ኦ ኤ ሰውዬ ሳሎን ውስጥ ነው።

በጋራዡ በኩል ወንድ ሁሉ ስለወጣ የከለከለው አልነበረም። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ፣ ሻማው መካከል፣ የሻምበልን የወታደር ልብስ ፎቶግራፍ ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። ከዚያ ባዶ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ማን ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ነውር ነው። የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ሲበቃው ይሄዳል። እንዲህ ሲቀመጥ ፋንታዬ ኤች ኦ ኤ መሆኑን ተጠራጥራ የእናቷ ሐኪም መሰላት። እናቷ የፋንታዬ አለቃ መስሏት ቀና ብላ እጅ ነሣችው። ታደለች፣ ወጥ ቤቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትመራው የፋንታዬ ጓደኛ፣ ሰሃን ሞልታ አቀረበችለት። ኤች ኦ ኤም ቢሆን ለቅሶ ቤት ከገባ ይበላል።

ሰውዬው በላ። በእጁ በላ፤ እንባው እየወረደ። ሚጥሚጣው ነው አሉ ሴቶቹ።

ታደለች ከወጥ ቤት ድፎ ዳቦ ይዛ ወጣችና ዙሪያዋን ተመለከተች። ዳቦ የሚባርክና የሚቆርስ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ በሙሉ ከቄሱ ጋር መንገድ ላይ ፓርኪንግ ይፈልጋሉ።

«ታዲያ ማን ይቁረሰው?» አለች። «ከዚህ ቤት ያለው ወንድ እኚህ ፈረንጅ ብቻ ናቸው።»

«ስጫቸዋ!» አለች አንዷ፣ ሴቶቹም ሳቁ።

ታደለች እንደ ቀልድ ዳቦውንና ቢላዋውን አቀበለችው። ሰውዬው ባርኔጣውን መሬት ላይ አኖረና ብድግ አለ። ዳቦውን ገለበጠው። በቢላዋው ጫፍ ከጀርባው ሦስት ጊዜ አማተበበት። ከዚያ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ በግራ ክንዱ አቅፎ፣ ቢላዋውን ወደ ልቡ ሳበው።

«አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ልታርድ ነው?» ብላ ጮኸች ሙሉወርቅ።

ሙሉወርቅ አፏን በእጇ ያዘች። ከአፏ የወጣው ስልሳ ዓመት ለአንድ ሰው ብቻ ስትለው የኖረችው ነበር። ፋንታዬ ቀረብ ብላ ሰውዬውን አየችው። የሰውዬው ጆሮ፣ እንዴት እስካሁን አላየችውም፣ የአባዬ ጆሮ ነው። ያ ሰፊ፣ ወደ ጎን ወጣ ያለው።

«ማን ነዎት?» አለችው በእንግሊዝኛ፤ ነውሩን ማን ያስበው።

«ሊዮ እባላለሁ» አለ። «ከዴንተን ወዲያ፣ ከሙንስተር ነው የመጣሁት። አንዲት ልጅ ጽፋልን ነበር። እኔ ኢሜይል አላይም፤ ልጄ ዛሬ ጠዋት ነው ያገኘችው። ወንድም አለህ አለችኝ። ደወልን፤ ማንም አላነሣም፤ መንዳት ጀመርኩ።» ወደ ፎቶግራፉ ተመለከተ። «መኪናዎቹን ሳይ ለእኔ ድግስ የደገሳችሁ መስሎኝ ነበር።»

ሮሆቦት ከደረጃው እየዘለለች ወረደች። «ኦ ማይ ጋድ! አያቴ ወንድም ነው! እማማ፣ ይሄ ሰውዬ አያቴ ወንድም ነው!»

ያኔ ሙሉወርቅ ከፍራሹ ተነሣች። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ፣ ፀጉሯ እንደተፈታ፣ በባሏ ለቅሶ ላይ፣ እልል አለች። ሴቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ ታደለች ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሁሉም። መንገድ ላይ መኪና የሚያዞሩት ወንዶች እልልታውን ሰምተው ቤት የተሳሳቱ መሰላቸው። እንድሪያስ እያለከለከ ገባ።

«እትዬ ሙሉወርቅ፣ ምን ነካዎት? ለቅሶ እኮ ነው!»

«ዝም በል! ወንድሙ መጥቶ ነው!» አለችው፣ የሊዮን አንገት አቅፋ። «ግማሽ ጎኑ መጣ!»

ሊዮ አንድም ቃል ሳይገባው እሷን አቅፎ አለቀሰ፣ ሳቀም። እነ እንድሪያስ ቦታ ለቀው ከቤተዘመዶቹ መካከል፣ ከፎቶግራፉ አጠገብ አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ እሱንም ሳመ። ሮሆቦት አጠገቡ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ሙሴ ዮሴፍ ከእስር ሲፈታ አገሩ ፈርሶ ጠበቀው፤ ቴክሳስ ያሉ ዘመዶቹ ዘንድ መጣ፣ አናጢነቱን ቀጠለ፣ አገባ፣ ሊዮን ወለደ። ሮሆቦት ራሷን ይዛ «ከትምህርት ቤቴ አንድ ሰዓት እንኳ አይሆንም! ሁልጊዜ እዚያ ነበር!» ትላለች።

ፋንታዬ ጥያቄውን ለመጠየቅ ፈራች። አባዬ በሕይወት ቢኖር ለመጠየቅ ጀግናው እሱ ነበር። ግን አደራው እሷ ላይ ነው።

«አባታችሁ» አለችው፣ «ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ እንዳለው ተናግሮ ያውቅ ነበር?»

«በጭራሽ» አለ ሊዮ። «ስለ አፍሪካ አንድ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ለምን እንዳልተመለሰም አላውቅም፤ ውሸት ልነግርሽ አልፈልግም።»

ፋንታዬ አንገቷን ደፋች። እንዲያውም አባዬ ይህን ሳይሰማ መሄዱ ይሻላል አለች በልቧ።

ሊዮ ግን የቆረሰውን ዳቦ ያይ ነበር። የመጀመሪያዋን ቁራሽ ሳያውቀው ከሌላው ለይቶ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጧታል።

«አንድ ነገር ነበረው» አለ ቀስ ብሎ። «በየእሑዱ ዳቦ ሲቆርስ የመጀመሪያዋን ቁራሽ እንዲህ ለብቻዋ ያስቀምጣታል። ማንም አይነካትም። ‹ለልጁ ናት› ይላል። ልጁ እኔ ነኝ ብዬ አንድ ቀን አነሣኋትና እጄን መታኝ፤ በሕይወቴ የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ለሕፃኑ ኢየሱስ ናት ብላ ነገረችን። እኛም አመንን። ማታ ለውሻው እንሰጣታለን። እስከሚሞት ድረስ አንድ እሑድ አላጓደለም።» ወደ ፎቶግራፉ ዞረ። «እኔም ልጆቼን እንዲሁ አስተማርኳቸው። ለኢየሱስ ናት እያልኩ።»

ሮሆቦት ለአያቷ ልታስተረጉም ሞከረች። «እማማ፣ እሱ ይላል፣ የሱ አባት ዳቦ ያስቀምጥ ነበር... ኤቭሪ ሰንደይ... ለአያቴ። ለአያቴ ነበር፣ እማማ።» ከዚያ በላይ አማርኛውም እንግሊዝኛውም አልመጣላትም።

«የአንተ ያለህ!» አለች ሙሉወርቅ። «የኔ ባል ድርሻ ነው በውሻ ሲበላ የኖረው?»

ሊዮ ሲተረጎምለት ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ከልቡ ሳቀ፤ ሙሉወርቅም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች፣ ቤቱም ተከተላቸው። ፋንታዬ ከመካከላቸው ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ደስታ ነው የተሰማት። ንጹሕ ደስታ፣ ከቀብሩ ወዲህ ምንም ያልተቀላቀለበት። ለአባቷ የምታደርሰው መልስ አገኘች።

ወንዶቹ መኪናቸውን አንሥተው ርቧቸው ስለገቡ ሁለተኛውን ድፎ ይዛ ተመለሰች። ለቄሱ ልትሰጣቸው ነበር። እሳቸው አንዴ ሊዮን፣ አንዴ እሷን አዩና «አንቺው ቁረሺው፣ ልጄ» አሏት።

ፋንታዬ በሕይወቷ ዳቦ እንዲህ ቆርሳ አታውቅም። ገለበጠችው፣ ሦስት ጊዜ አማተበችበት፣ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ገና ትኩስ ነው፤ ሙቀቱ በጥቁር ቀሚሷ ውስጥ ገባ። ቢላዋውን ወደ ራሷ ሳበች።

«አንቺ ልጅ፣ ራስሽን ልታ...» ብላ ጀመረች እናቷ፤ አልጨረሰችውም።

የመጀመሪያዋ ቁራሽ ተለየች። ፋንታዬ ከፎቶግራፉ ፊት፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻትና ሁለተኛዋን መቁረስ ጀመረች። እንድሪያስ የመኪናው ሩጫ አስርቦት ነበርና እጁን ወደ ቁራሿ ሰደደ።

«ተዋት» አለችው ፋንታዬ። «ለልጁ ናት።»